አንጋፋ ባንድ ስቱዲዮአችሁ ሲመጣ

ይድረስ ለልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር አንድ ልጅ እኔን ብሎ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጣ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ግድግዳዋን በስፖንጅና በእንቁላል መያዣ ካርቶን ለብደው፣ ስቱዲዮ ብለዋታል። እስካሁን የሚሠሩት የሰርግ ዘፈንና የጓደኛ ነጠላ ዜማ ነበር። አሁን ግን በደርግ ጊዜ በአውራጃ የኪነት ቡድን አብረው የተጫወቱ፣ ሁሉም ስድሳን የተሻገሩ አምስት ሰዎች “አልበም ሥሩልን” ብለው ሳክስፎንና ጊታራቸውን ተሸክመው ደጃቸው ላይ ቆመዋል። ልጁ ይዞልኝ የመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ “ጋሼ፣ ድምፃቸው ዘመናዊ እንዲሆን የትኛውን ፕለጊን ልግዛ?” ፕለጊን የሚሉት ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጨመር የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው።

ራቱን አብልቼ አስተኛሁት። ጠዋት መናገር ስጀምር ቡናው ገና አቦል ላይ ሳለ መኪናው ሊያመልጠው ሆነና ግማሹን ሳይሰማ ሄደ። ቀሪውን ልጽፍለት ስቀመጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ወይም የሚገጥማችሁ ብዙ እንደምትሆኑ አሰብኩና ለሁላችሁም ይሁን አልኩ።

እኔ ትውልዴ ቢቸና አካባቢ ነው። ሥራ የጀመርኩት ለኪነት ቡድን ገመድ በመጎተትና ድምፅ ማጉያ በማሰር ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ካሴት ማባዣ ቤት፣ ቀጥሎ ቀረጻ ክፍል፣ መጨረሻ ላይ ባሕር ዳር የራሴን ትንሽ ስቱዲዮ ከፈትኩ። ጆሮዬ ዛሬ ቀጫጭኑን ድምፅ አይሰማም፤ ስለ ሲምባል የሚጠይቀኝ ሲመጣ የልጅ ልጄን ነው የምጠራው።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ እንነጋገር። እኛ አገር “ፕሮዲውሰር” ሲባል ለረጅም ጊዜ ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ማለት ነበር። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ለዘፋኙ ይከፍላል፣ ካሴቱን ያባዛል፣ ፖስተሩን ያሳትማል፣ ከሸጠ ያተርፋል፣ ካልሸጠ ይከስራል። አምሃ እሸቴን የመሰሉ ብር ብቻ ሳይሆን ጆሮም ያወጡ ነበሩ፤ አብዛኛው ግን ስቱዲዮውን የሚያየው ሒሳብ ሊከፍል ሲመጣ ነው። የድምፁ ሥራ የሚወድቀው አቀናባሪው ላይ ነው። እነ አበጋዝ ክብረወርቅ፣ እነ ኤልያስ መልካ የሠሩት ሌላው ዓለም “ፕሮዲውሰር” ብሎ የሚጠራውን ሥራ ነው፤ የቱ ዘፈን ይግባ፣ የቱ ይቅር፣ ይህ ይፍጠን፣ ያ ይርጋ፣ “አንዴ ድገሙልኝ”፣ “በቃ፣ ይህ ነው፣ አትንኩት” ማለት።

ጎጃም ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። በልጅነቴ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ነበርኩ። ቀን ከጫካው ጥግ ተቀምጠን ቅኔ እንቆጥራለን፤ ማታ ተራ በተራ ለየኔታ እንነግራለን። ነገራ ይባላል። የኔታ ቅኔውን አይቆጥሩልህም። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። “ይህ ቤት ጎድሏል” ይላሉ፤ “ሰሙ ወርቁን አልተሸከመውም” ይላሉ። ገና በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ያልጸና ልጅ ስምንት ቤት መወድስ ይዞ ሲንጠራራ በአንድ ሳቅ ይመልሱታል። አንዳንዴ ምንም አይሉም፣ ጭራቸውን ይወዘውዛሉ፣ ያን ቀን እራት ሳትበላ ትተኛለህ፤ ከደስታ። ፕሮዲውሰር ማለት ነገራ የሚሰማ ሰው ነው። ችግሩ የሚጀምረው ነጋሪው ከሰሚው በሠላሳና በአርባ ዓመት ሲበልጥ ነው።

የፈረንጆቹን የሮክ ሙዚቃ የማመጣው ለዚህ ነው። ሮክና ጎጃም ምን አገናኛቸው የምትሉ ትኖራላችሁ። የኛ ባንዶች አብዛኞቹ አብረው ለማርጀት አልታደሉም። የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሥራ ገደለው፣ ስደቱ አባላቱን በተናቸው፣ የቀረውን ኪቦርዱ ተካው። ኃይሉ መርጊያ ከዋሊያስ ባንድ በኋላ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኖሮ በ2018 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታችም ስለ ታዋቂዎቹ የምጠራው ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው) ነው እንደገና አዲስ አልበም ይዞ የመጣው። ግርማ በየነም ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባሉ የፓሪስ ወጣቶች ጋር ቀርጿል። እንግሊዞቹና አሜሪካኖቹ ግን በ1960ዎቹ የተነሱ ባንዶቻቸው ሰባና ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸው አልበም ያወጣሉ፤ ማን እንደቀረጻቸው፣ የት እንደተጣሉ፣ ምን እንደተበላሸ ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል። እንግዲህ ከሰው ስህተት በነጻ መማር ከተገኘ ለምን ይቀራል።

ብላክ ሳባዝ የሚባለውን የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ውሰዱ። የበርሚንግሃም የፋብሪካ ሠፈር ልጆች ናቸው። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በአሥራዎቹ መጨረሻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆርጦታል፤ በዚያች በተቆረጠች እጅ ነው ያን ሁሉ የተጫወተው። የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1970 አወጡ፤ በአንድ ቀን ነው የቀረጹት። ከዘፋኙ ከኦዚ ኦዝቦርን ጋር ከ1978 በኋላ ሙሉ የስቱዲዮ አልበም ሳይሠሩ ሠላሳ አምስት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ሲሰባሰቡ ሪክ ሩቢን የሚባለውን ፕሮዲውሰር ያዙ። ሰውዬው ያንን ሁሉ የቀረጻ ጠረጴዛ ማንቀሳቀስ እንደማያውቅ ራሱ ይናገራል፤ መሣሪያም ጠንቅቆ አይጫወትም። ሥራው መስማት ነው። ታዲያ ምን አደረገ? አስቀምጦ የመጀመሪያውን አልበማቸውን አሰማቸው። ከዚያ ወዲህ የተባለላቸውን ሁሉ፣ የተሰጣቸውን ማዕረግ ሁሉ እንዲረሱ፣ ያ አልበም ትናንት አልቆ ዛሬ ቀጣዩን እንደሚሠሩ እንዲያስቡ ነው የፈለገው። አዮሚ በዚያን ጊዜ ካንሰር ይታከም ነበር። በ2013 የወጣው አልበም እንግሊዝ አገር አንደኛ ወጣ፤ በዚያ አገር አንደኛ ሲሆኑ ከ1970 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር።

እኔ አልበሙን ሳዳምጠው ግማሹን ወድጄዋለሁ። በሌላው ግማሽ ግን ሰዎቹ የራሳቸውን ልጅነት እየኮረጁ ይመስለኛል። የመጀመሪያውን አልበም የሠሩት ልጆች ማንንም አስቀምጠው አልሰሙም ነበርና። ቅኔ ቤት የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግመህ ብትነግር፣ ምንም ያማረ ቢሆን፣ ቅኔ አይባልም።

ይኸው ሩቢን በ1995 ኤሲ/ዲሲ ከሚባለው የአውስትራሊያ የሮክ ባንድ ጋር ሠርቷል። ልጅ ሆኖ የሚያመልካቸው ባንድ ናቸው። ኒው ዮርክ ጀመሩ፤ የከበሮው ድምፅ እንቢ አላቸው፤ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሎስ አንጀለስ ገቡ። ሩቢን በመካከሉ ሌላ ባንድም ይዞ ስለነበር ይጠፋባቸዋል። ከወንድሙ ከአንገስ ጋር ባንዱን የመሠረተው ጊታሪስቱ ማልኮም ያንግ ኋላ ላይ ከእሱ ጋር መሥራታችን ስህተት ነበር ብሏል። ለቀጣዩ አልበም የሄዱት ወደ ታላቅ ወንድማቸው ወደ ጆርጅ ያንግ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቀረጻቸውም እሱ ነበር። ያው ሩቢን በ1994 ግን ኩባንያዎች የረሱትን የካንትሪ ዘፋኝ ጆኒ ካሽን ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦ፣ አንድ ጊታር አስይዞ፣ ባንድ የሚባል ነገር ሳይጨምር ቀርጾት ሰውዬውን ከመቃብር አፋፍ መልሶታል። በ2002 የወጣውን ስሙት፤ ካሽ ታሟል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ሩቢን አንዱንም አልሸፈነውም። አንድ ሰው በአንዱ ቤት ቀንቶት በሌላው የከሰረበት ምክንያት ዘዴ ማነሱ አይመስለኝም። ካሽ ብቻውን ነበር፣ የሚሰማው ሰው ይፈልግ ነበር። ኤሲ/ዲሲ ግን ሁለት ወንድማማቾች በዓይን የሚግባቡበት ቤት ነበር፤ እዚያ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆኖ ዝም ብሎ መቀመጥ በቂ አይደለም።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልንገራችሁ።

በ1996 ዓ.ም. ነው። ኮምፒዩተር ስቱዲዮዬ ውስጥ አስገብቼ፣ በጎጃም ከኔ በላይ የሠለጠነ ያለ አይመስለኝም ነበር። እንደናንተዎቹ ያሉ የኪነት አርበኞች መጡልኝ። ድራመራቸው ከኔ አሥራ አምስት ዓመት ይበልጣል፤ “አያ” ነው የምለው። ክሊክ፣ ፍጥነት እንዲጠበቅ እኩል የሚመታውን ድምፅ፣ በጆሮው አስገብቼ ችክችካ እንዲመታ ጠየቅሁት። ወደ አዝማቹ ሲደርስ ሁልጊዜ ይቀድማል። በደቂቃ በ118 ምት ይጀምርና አዝማቹ ላይ 124 ይሆናል፤ ከዚያ ግጥሙ ሲመለስ እሱም ቀስ ብሎ ይመለሳል። እኔ ይህን ስህተት ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ተቀመጥኩ። እያንዳንዱን ምት በምላጭ እንደሚቆርጥ ሰው እየቆረጥኩ መስመር ላይ አስቀመጥኩት። ባስ ከበሮው ሳስቶ ሲገኝ በሌላ ድምፅ ተካሁት። ጨርሼ ጠራኋቸው። አያ ቡናውን ይዞ ቆሞ ሰማ፤ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ። ዘፈኑ ሲያልቅ፣ “ጥሩ ነው” አለኝ። “ማነው የመታው?”

ሊሰድበኝ አይደለም። የምር አላወቀውም።

ያ ድራመር ለምን እንደሚቸኩል የገባኝ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። የኪነት ቡድን ሳሉ ያዳራሽ ሕዝብ አዝማቹ ላይ ተነስቶ እስክስታ ይወርዳል። ትከሻው ሲነሳ ከበሮው ይከተላል፣ ከበሮው ሲፈጥን ትከሻው ይብሳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲጫወት የኖረ ሰው ባዶ ክፍል ውስጥ ብታስቀምጠውም ሕዝቡ ይታየዋል። እኔ መስመር ላይ ሳስቀምጠው የቆረጥኩበት ያንን ሕዝብ ነው።

ስለዚህ ሥራ ላይ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ክሊክ ሳትሰጡ፣ ሁሉንም በአንድ ክፍል ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ፣ ዘፈኑን ሦስት ጊዜ አጫውቷቸው። ማይክ ወደ ማይክ ድምፅ ቢገባ ይግባ፤ ብርድ ልብስ አንጠልጥሉበት። የተሻለውን ቅጂ ምረጡና ፍጥነቱን በየአዝማቹ ለኩ። ኋላ ኪቦርድ ወይም ሌላ ነገር መደረብ ካስፈለጋችሁ የኮምፒዩተሩን ፍርግርግ፣ ምቱ የሚለካበትን መስመር፣ በነሱ ልክ አጣሙት፤ ፕሮግራሙ ይፈቅዳል። የድምፅ ማረሚያውን፣ ኦቶ ቲዩን የምትሉትን፣ ከማሲንቆና ከአንቺሆዬ ቅኝት አርቁ። ማሽኑ እንዲሁ ሲተዉት የሚያውቀው የፒያኖን አሥራ ሁለት ድምፆች ነው፤ ማሲንቆ መቺው ደግሞ ጣቱን የሚያሳርፈው ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ነው። ማሽኑ ወደ ቅርቡ ቁልፍ ሲጎትተው ቅኝቱ ቅኝት መሆኑ ይቀራል።

ይህን ብዬ ብተው ግን አሳስቻችኋለሁ። አንዳንዶቻችሁ “እንግዲያው ሽማግሌ አይታረምም” ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ሁለተኛው ጥፋቴ የመጣው ከዚያ በኩል ነው።

የዚያው ባንድ ዘፋኝ ዘፈኖቹን በወጣትነቱ በዘፈነበት ኪ (በዚያው የዜማ ከፍታ) ካልዘፈንኩ አለ። ድምፁ ወርዷል። ከፍተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ አንገቱ ይገተራል፣ ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ሰምተነዋል። ባሲስቱ መሬት መሬት ያያል። እኔ ደግሞ ይሉኝታ ያዘኝ፤ ለአባቴ እኩያ “ድምፅህ ደክሟል” እንዴት ይባላል? “ድንቅ ነው ጋሼ!” አልኩት። እንዲያ ተቀረጸ፣ እንዲያ ወጣ። በዓመቱ ፍኖተ ሰላም ሰርግ ላይ አገኘሁት። ጊታሪስቱ ኪውን አንድ ቶን ተኩል አውርዶለት ያንኑ ዘፈን ሲዘፍን ሰማሁ። ስንጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ ድሮ ቆዳ የለሰለሰ ድምፅ። ድንኳኑ ሁሉ ጸጥ አለ። ያ ድምፅ ስቱዲዮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ አንድ ቃል ብተነፍስ እቀርጸው ነበር።

ይሉኝታ በኛ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ መልኩን ይቀይራል እንጂ። ሜታሊካ የሚባሉት የአሜሪካ ሮከሮች ከፕሮዲውሰራቸው ከቦብ ሮክ ጋር ከ1990 ጀምሮ አብረው ሠርተዋል። መጀመሪያ ሲመጣ እንግዳ ነበርና ይሟገታቸው ነበር፤ ይጣሉም ነበር፤ ከዚያ ጠብ በ1991 በታሪካቸው ብዙ የተሸጠው አልበም ወጣ። በ2003 ግን ባሲስታቸው ትቷቸው ስለሄደ ቦብ ሮክ ራሱ ባስ ይዞ አብሮ ይጫወት ነበር። የስኔር ከበሮው ሽቦ ተፈትቶ እንደ ባዶ በርሜል የሚጮኽበት፣ አንድም የጊታር ሶሎ የሌለበት አልበም ያን ጊዜ ነው የወጣው። ያ ከበሮ እስከዛሬ መቀለጃ ነው። ሰዎቹ በዚያ ጊዜ ሊበታተኑ ደርሰው ነበር፤ ቦብ ሮክ አልበሙን ሳይሆን ባንዱን ሊያተርፍ ይሆናል የተቀመጠው። እንደኔ ግን ሁሉም ወደ ውስጥ ገብቶ ከመስተዋቱ ወዲያ የሚቀመጥ አንድ እንግዳ ጆሮ ጠፍቶ ነበር። ባንዱ ሲወዳችሁ፣ “ልጃችን” ሲሏችሁ፣ ምሳ አብራችሁ መብላት ስትጀምሩ ይህን አስታውሱ።

እንዴት ይነገር ካላችሁኝ፣ አገራችን መንገድ አላት። በሰው ፊት አትናገሩ። ኪውን አውርዳችሁ አንድ ጊዜ “ለጊታሩ እንዲመቸው” ብላችሁ አዘፍኗቸው፤ ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አሰሟቸውና ከክፍሉ ውጡ። ቴፑ ይናገር። እንቢ ካለ ከባንዱ ውስጥ በዕድሜ ወይም በክብር የሚበልጠውን ለብቻ ያዙትና በእሱ ላኩበት። እኔ ኋላ ኋላ ይህን ለምጄ አንድ ክራር መቺ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ለአንድ ሳምንት አኮረፈኝ፣ ከዚያ በፋሲካ ጠቦት ይዞልኝ መጣ።

ከዕድሜ ልዩነት ጋር የተያያዘ አንድ ደስ የሚል ታሪክ አለ። የእንግሊዞቹ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ በ2023 አዲስ አልበም ሲያወጡ፣ የራሳቸውን አዳዲስ ዘፈኖች ይዘው ከወጡ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ዘፋኛቸው ሚክ ጃገር ሰማንያ ሞልቶት ነበር። ያመጡት ፕሮዲውሰር አንድሩ ዋት የ1990 ልጅ ነው፤ የልጅ ልጃቸው ሊሆን ምንም አይቀረው። እነሱን የሚያሳይ ካናቴራ በየቀኑ እየቀያየረ ለብሶ ይገባ ነበር ይባላል። አምልኮው ግን አላፈዘዘውም። ብዙ ዓመት ሲጀምሩ ሲተዉት የኖሩትን ነገር በወራት ውስጥ አስጨረሳቸው። ጃገርም ቀን ቆርጦ ነበር፤ በየካቲት አጋማሽ ማለቅ አለበት ብሎ። ከበሮ መቺያቸው ቻርሊ ዋትስ በ2021 ሞቶ ስለነበር ጊዜ የሚባለው ነገር ለነሱ ቀልድ አልነበረም። እናንተም ቀን ቁረጡ። አንጋፋ ሰው ጊዜ ያለው ይመስለዋል፤ ለቅሶ አለበት፣ ሽምግልና አለበት፣ ማኅበር አለበት፣ የመኸር ወቅት ሲደርስ እርሻ ያለው ይጠፋባችኋል። ከጥቅምት እስከ ጥር አጋማሽ ከጎጃም ሰው ጋር ቀረጻ አትያዙ፤ አጨዳው ሲያልቅ ሰርጉ ይጀምራል።

ከዚያ ስምንት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ደግሞ፣ በ2015 መጨረሻ፣ እነዚሁ ሰዎች ለንደን አዲስ ዘፈን ሊቀርጹ ገብተው ነገሩ አልሄድ አላቸው። ጣታቸውን ለማፍታታት በልጅነታቸው የተማሩትን የድሮ ብሉዝ መጫወት ጀመሩ። ፕሮዲውሰሩ ዶን ዋዝ ራሱ ባስ ተጫዋች ነው፤ ምን እየሆነ እንደሆነ ገባው። “ኧረ ወደ ሥራችን እንመለስ” አላለም። በሦስት ቀን ሙሉ አልበም ሆነ። ኤሪክ ክላፕተን በዚያው ሕንፃ ለራሱ ጉዳይ ገብቶ ነበርና በሁለቱ ላይ ተጫወተላቸው። ይህን ሳነብ ስንት ዘፈን በቡና ሰዓት እንዳመለጠኝ አስቤ ራሴን ያዝኩ። የኪነት ሰዎች እኮ ምርጡን የሚዘፍኑት “እረፍት” ስትሏቸው ነው። ማሲንቆው ከግድግዳ ይነሳል፣ አንዱ የሰከላ፣ አንዱ የደጋ ዳሞት ዜማ ያነሳል፣ እኔ ደግሞ መብራት ልቆጥብ ብዬ ማሽኑን አጥፍቼ ፈንዲሻ እበላለሁ።

ስለ ድምፅ ጩኸት ብዙ አልልም፣ ግን ሳልለው አላልፍም። ሜታሊካ በ2008 ከሩቢን ጋር የሠሩት አልበም ዘፈኖቹ መልካም ነበሩ፤ ነገር ግን እንዲጮኽ ተብሎ ድምፁ ከመጠን በላይ ስለተጨመቀ ይሰነጠቃል። ማስተሪንጉን፣ የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከያ፣ የሠራው ባለሙያ ራሱ፣ ወደኔ ሲመጣ ቀድሞውኑ ተጨምቆ ነው አለ። በዚያው ሰሞን ያው አልበም በጊታር ሂሮ የቪዲዮ ጨዋታ ላይ ሳይጨመቅ ወጥቶ ስለነበር፣ አድማጮች ከሲዲው የጨዋታውን መረጡ። እናንተ ሊሚተሩን (የድምፁን ጫፍ የሚገድበውን) እስከጥግ የምትገፉት ዘፈናችሁ ከጎረቤቱ እንዲጮኽ ነው። ዩቲዩብና ስፖቲፋይ ከ−14 ኤልዩኤፍኤስ (የጩኸት መለኪያ ነው) አካባቢ በላይ የላካችሁትን መልሰው ዝቅ ያደርጉታል። ስለዚህ ጩኸቱ ይወሰዳል፣ ስንጥቁ ይቀርላችኋል። ከበሮና ክራር ባለበት ሙዚቃ ላይ ደግሞ የሚሞተው መጀመሪያ ጣት ክሩን የሚነካበት ያ ትንሽ ድምፅ ነው።

ስለ እንግዳ ጆሮ ሳነሳ የቻግኒዋ ልጅ ትዝ ትለኛለች። ዘፋኟ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በ2001 (እ.ኤ.አ.) በስሟ የወጣውን አልበም የሠራላት ቢል ላስዌል ነው፤ አሜሪካዊ፣ ባስ ተጫዋች። የጃዝ ሊቆቹን እነ ኸርቢ ሃንኮክን፣ እነ ዌይን ሾርተርን አምጥቶ አጫወተላት። ይኸው ሰው በ1986 ሞተርሄድ የሚባለውን ጆሮ የሚበጥስ የሮክ ባንድ ሠርቷል፤ የባንዱ መሪ ሌሚ ቅልቅሉን አልወደደውም፣ ሲራገም ነው የኖረው። እኔ የእጅጋየሁን አልበም መጀመሪያ የሰማሁት ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ነው፤ ያ ከባድ ባስ አናደደኝ። “ሰው አገር ሄዳ አበላሿት” አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ነው ያስተዋልኩት፤ ድምፅዋን አልነካውም። እንጉርጉሮው፣ ቃሉን ስትጎትት፣ ትንፋሽዋን ስትሰብር፣ ሁሉም እዚያው ቻግኒ ነው። ሰውዬው የቀየረው ከሥሯ ያለውን መሬት ነው። ለሞተርሄድ ያልሆነው እጅ ለሷ ሆነ። ስለዚህ አዲስ ነገር ለመጨመር አትፍሩ፤ ኪቦርድ ይግባ፣ የኤሌክትሪክ ባስ ይግባ፣ ደስ ያላችሁ ይግባ። ከመግባቱ በፊት ግን በዚህ ባንድ ውስጥ የማይነካው የቱ እንደሆነ እወቁ። በአንዱ ባንድ ድምፅ ነው፣ በሌላው ከበሮ፣ አንዳንዴም ሁለቱ ጊታሪስቶች እርስ በርስ የሚተያዩበት ዓይን ነው፤ እሱን ካጠፋችሁ ሌላው ሁሉ ከሰው የተዋሱት ልብስ ይመስላል።

ገንዘብ ላይ አጭር ልሁን። እነዚህ ሰዎች የካሴት ዘመን ሰዎች ናቸው። አንዴ ተከፍሏቸው፣ ፊርማ ሳይኖር፣ ዘፈናቸው ሠላሳ ዓመት ሲሸጥ ሳንቲም ያላዩ ብዙ ናቸው። እኔም በአንድ ሙዚቃ ቤት ሂሳቤን ሳላገኝ ቀርቻለሁ። ዛሬ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ደራሲውም፣ ከዋኙም፣ የድምፅ ሪከርዱን የሠራውም መብት አላቸው። የሥራው ድርሻ ለማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀረጻ በፊት በወረቀት ጻፉ፤ ዩቲዩቡ በማን ስም ይከፈት፣ ባሲስቱ ቢሞት ድርሻው ለማን ይሂድ። “ይህን ማንሳት ነውር ነው” ይሏችኋል። በኋላ የሚመጣው ነው ነውሩ።

ለባሕር ዳሩ ልጅ አንድ ነገር ቀረኝ። ሰዎቹ ሰኞ እንደሚመጡ ነግረኸኛል። ያ የ1996ቱ ባንድ ከመቅረጹ በፊት ልምምድ ሲያደርግ በትንሽ ቴፕ የያዝኩት አንድ ካሴት አለኝ፤ ያኔ ቆሻሻ ነው ብዬ ጥዬው ነበር። አያ ሲቸኩል፣ ዘፋኙ ዝቅ ብሎ ሲያንጎራጉር፣ መሀል ላይ አንዲት ሴት “ስኳር ስንት?” ስትል ይሰማል። ነገ በሚወጣው መኪና ለሹፌሩ ሰጥቼ እልክልሃለሁ። ሪባኑ ደርቋልና ወደኋላ በፍጥነት እንዳታጠነጥነው፣ በእርሳስ በእጅህ መልሰው። ወደ ኮምፒዩተር ገልብጠህ ስትጨርስ መልስልኝ፤ ለአያ ልጆች ቃል ገብቼ ነበር።